ኮኮናት ያዳነውና ያላዳነው፦ ከአዱሊስ ወደብ እስከ ዘመናችን ላቦራቶሪ

የኮኮናት ፍሬ ከዛፉ ወድቆ ባሕር ላይ ሲያርፍ አይሰጥምም። ወፍራሙ የቃጫ ቅርፊቱ እያንሳፈፈው ለሳምንታት ይጓዛል፤ ማዕበል አውጥቶ ከጣለውም አሸዋ ላይ ሥር ሰዶ ይበቅላል። ያም ሆኖ ከማዕበል ይልቅ ርቆ እንዲሄድ ያደረገው ሰው ነው። በ2011 የታተመ የዘረመል ጥናት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከ1,300 በላይ የኮኮናት ዛፎችን መርምሮ፣ ሰው ኮኮናትን መትከልና መንከባከብ የጀመረው በሁለት የተለያዩ ሥፍራዎች እንደሆነ አሳይቷል። አንደኛው የደቡብ ምሥራቅ እስያ ደሴቶች ናቸው፤ ሁለተኛው ደግሞ የደቡብ ሕንድ፣ የስሪላንካና የማልዲቭስ አካባቢ ነው። የጥንት መርከበኞች ፍሬውን ይዘው የዞሩት ምግብም፣ መጠጥም፣ ገመድም፣ መድኃኒትም ስለሚሆናቸው ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ ጥቅሞቹ በብዛት የተወራለት መድኃኒትነቱ ነው። ኮኮናት በእርግጥ ሕይወት ያተረፈበት ጊዜ አለ። በስሙ ሰው የጠፋበት ጊዜም አለ። ሁለቱን ለይቶ ለማየት ታሪኩን ከጥንት ጀምሮ መከተል ያስፈልጋል።

በሕንድ ይህ ታሪክ በጽሑፍ የቆየ ነው። በሱሽሩታ ስም የሚታወቀው ጥንታዊ የአዩርቬዳ የሕክምና መጽሐፍ የኮኮናትን ውኃ ከሚያቀዘቅዙ፣ ጥምን ከሚቆርጡና የሽንት ፊኛን ከሚያጠሩ መጠጦች ይመድበዋል። የደቡብ ሕንድ እናቶች ትኩሳት ለያዘው ልጅ ለጋ ኮኮናት የሚቆርጡት፣ ዘይቱንም ለጠጉርና ለቆዳ የሚቀቡት ከዚሁ ልማድ በመነሣት ነው። መጽሐፉ በተጻፈበት ዘመን ስለ ፖታሲየምም ሆነ ስለ ስብ አሲድ የሚያውቅ አልነበረም፤ ዕውቀቱ የተገኘው ሕመምተኛን በትዕግሥት ከማየት ነበር።

ቀጣዩ ምዕራፍ በቀይ ባሕር ያልፋል። በስድስተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ የአክሱም መንግሥት ወደብ ወደሆነችው አዱሊስ ደረሰ። አፄ ካሌብ በደቡብ ዓረብ ወደነበረው ወደ ሂምያር መንግሥት ለመዝመት ሲሰናዱ በከተማዋ የነበረውን ጥንታዊ የድንጋይ ጽሑፍ ገልብጦ እንዲያቀርብ የታዘዘው እሱ ነው። ኮስማስ ኋላ ስላየውና ስለሰማው ዓለም ባዘጋጀው መጽሐፍ ከአውራሪስ፣ ከቀጭኔና ከቁንዶ በርበሬ ጋር የሕንድን ኮኮናትም ገልጿል። ፍሬው በለጋነቱ እጅግ በሚጣፍጥ ውኃ የተሞላ መሆኑን፣ ሕንዳውያንም በወይን ጠጅ ፋንታ እንደሚጠጡት፣ ሲቆይ ደግሞ ውኃው ቀስ በቀስ ከቅርፊቱ ጋር እየረጋ እንደሚጠጥር በትክክል ጽፏል። ኮስማስ ራሱ ሕንድ ድረስ ስለመሄዱ ሊቃውንት ይከራከራሉ። ነገር ግን አዱሊስን በመሰለ ወደብ ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣ ዕቃም ወሬም ይገናኝ ስለነበር የፍሬው ዝና ወደ ሜዲትራኒያን አገሮች ከሚደርስባቸው መንገዶች አንዱ በዚሁ በቀይ ባሕር በኩል ነበር።

በ14ኛው መቶ ዘመን የሞሮኮው መንገደኛ ኢብን ባጡጣ በዛሬዋ ኦማን ዶፋር ኮኮናትን አየ። ቀጥሎም በ1343 ማልዲቭስ ገብቶ ዳኛ ሆኖ ተሾመ፤ ዓሣና ኮኮናት እየበላ ከደሴተኞቹ ጋር ኖረ። ከዛፉና ከፍሬው ወተት፣ ዘይትና ማር መሳይ ጣፋጭ እንዴት እንደሚወጣ በዝርዝር አስፍሯል። ኮኮናት ሰውነት እንደሚያጠነክር፣ እንደሚያወፍርና የፊትን ደም እንደሚያቀላም መሰከረ። ብዙ ካሎሪ ያለውን ምግብ በየቀኑ የሚበላ ሰው መወፈሩ አያስደንቅም። የኢብን ባጡጣ ምስክርነት ግን ምግብና መድኃኒት ያልተለያዩበትን የዚያን ዘመን አስተሳሰብ በግልጽ ያሳያል።

ከኮኮናት የፈውስ ታሪኮች ሁሉ እጅግ ልብ የሚነካው በመጋቢት 1521 በፊሊፒንስ የሆነው ነው። ፈርዲናንድ ማጄላን መርከቦቹን እየመራ ፓስፊክ ውቅያኖስን ሲያቋርጥ ሦስት ወር ከ20 ቀን ትኩስ ምግብ አልተገኘም። የጉዞው ዜና ጸሐፊ አንቶኒዮ ፒጋፌታ እንደመዘገበው መርከበኞቹ ትል የበላው የብስኩት ዱቄት፣ የእንጨት ፍቅፋቂ፣ በባሕር ውኃ የራሰ ቆዳና አይጥ በሉ። የብዙዎቹ ድድ አብጦ ጥርሳቸውን ሸፈነው፤ መብላትም አቃታቸው። በዚያ መንገድ 19 ሰዎች ሞቱ። በሽታው ስከርቪ ነበር፤ መነሻው የቫይታሚን ሲ እጥረት መሆኑ የታወቀው ግን ከ400 ዓመት በኋላ ነው።

መርከቦቹ ሆሞንሆን ከተባለች ትንሽ ደሴት ሲደርሱ ለሕሙማኑ ድንኳን ተተከለ። ማጄላን በየቀኑ ወደ ድንኳኖቹ እየሄደ የኮኮናት ውኃ በገዛ እጁ ያጠጣቸው ነበር፤ ፒጋፌታም ይህ እጅግ እንዳጽናናቸው ጽፏል። ሁለት የኮኮናት ዛፎች ዐሥር ሰው ያለበትን ቤተሰብ እንደሚመግቡ፣ የአገሬው ሰዎችም ከፀሐይና ከነፋስ ለመከላከል ዘይቱን ሰውነታቸውን እንደሚቀቡ አክሎ ገልጿል። ነገር ግን የአገሬው ሰዎች በጀልባ ይዘው ከመጡት መካከል ጣፋጭ ብርቱካንም ነበረበት። የኮኮናት ውኃ ያለው ቫይታሚን ሲ እጅግ ጥቂት ነው፤ የብርቱካን ግን ብዙ ነው። ስለዚህ ኮኮናቱ ለተጠማና ለደከመ ሰው ውኃ፣ ስኳርና ማዕድን ሰጥቶት ይሆናል። ስከርቪውን ለማስታገሥ ብርቱካኑ የተሻለ አቅም ነበረው። ፒጋፌታ በታላቅ ምስጋና የዘገበው ግን በአለቃው እጅ የተሰጠውን ኮኮናት ነው። የኮኮናት ዝና ከእውነተኛ ሥራው እየላቀ የሄደው ብዙ ጊዜ በዚህ ዓይነት መንገድ ነው።

በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን አውሮፓ ይህ ልዩነት ይበልጥ ሰፋ። በጎዋ የኖረው ፖርቱጋላዊ ሐኪም ጋርሲያ ደ ኦርታ በ1563 ባሳተመው የሕንድ መድኃኒቶች መጽሐፉ ስለ ተራው ኮኮናት ብቻ ሳይሆን፣ በማልዲቭስ ዳርቻ ባሕር ስለሚያወጣው ግዙፍ ጥንድ ፍሬም ጻፈ። ይህ ፍሬ የሌላ የዘንባባ ዘር ነው። የበቀለበትን ምድር ማንም ስላላየው ከባሕር ሥር ካለ ዛፍ የሚወጣ መርዝ ማርከሻ ነው ተባለ። መመረዝን የሚፈሩ ነገሥታት ተሻሙበት፤ ለቅዱስ ሮማዊ ንጉሠ ነገሥት ለሩዶልፍ ሁለተኛ በ1602 በወርቅ በተቀባ ብር ተለብጦ የተሠራ ማንቆርቆሪያ ዛሬም በቪየና ሙዚየም ይታያል። በ1768 ፈረንሳውያን ዛፉን በሲሼልስ ደሴቶች በደረቅ ምድር በቅሎ አገኙት። ፍሬው በመርከብ ተጭኖ ገበያውን ሲያጥለቀልቅ ምስጢሩም ዋጋውም ወደቀ፤ መርዝ ማርከሱ ግን አንድም ጊዜ አልተረጋገጠም ነበር።

ከሁሉ የከፋው ጥፋት የመጣው በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ነው። አውጉስት ኤንግልሃርት የተባለ የኑረምበርግ ተወላጅ፣ ኮኮናት ከፍሬዎች ሁሉ ለፀሐይ ቀርቦ ስለሚበቅልና እንደ ሰው ራስ ድቡልቡል ስለሆነ ከበሽታ ሁሉ የሚያድን አምላካዊ ምግብ ነው ብሎ አመነ። በ1902 ጀርመን ትገዛው በነበረው ኒው ጊኒ አቅራቢያ ካባኮን የተባለች ደሴት ላይ የኮኮናት እርሻ ገዛ፤ ልብሱን ጥሎ ኮኮናት ብቻ እየበላ መኖር ጀመረ። በጽሑፎቹ ተስበው ከጀርመን የተከተሉት ጥቂት ወጣቶችም ነበሩ፤ ከእነሱ አንዳንዶቹ ብዙ ሳይቆዩ እዚያው ሞቱ። ኤንግልሃርት ራሱ ቆዳው ቆስሎ፣ ሰውነቱ መንምኖ ሆስፒታል እስከመግባት ደረሰ፤ በ1919 ገና በ40ዎቹ ዕድሜው ሞተ። ኮኮናት ብዙ ስብና ማዕድን አለው። ሰው የሚያስፈልገውን ፕሮቲንና ቫይታሚን ሁሉ ግን አልያዘም፤ እንደ ወባ ያለ የሞቃት አገር በሽታም አይከለክልም። እነዚያ ወጣቶች ለአደጋ የተጋለጡት አንድን መልካም ነገር ሁሉን ቻይ አድርገው በማመናቸው ነው።

በዚያው ዘመን ማንም ያላሰበው የፍሬው ክፍል በእርግጥ ሰው ማዳን ጀመረ። ሚያዝያ 22 ቀን 1915 በቤልጂግ ኢፕር ግንባር የጀርመን ጦር ክሎሪን ጋዝ ለቀቀ። ጦር ሠራዊቶች የጋዝ ጭምብል ለመሥራት ሲጣደፉ፣ ለማጣሪያው የሚሆን እጅግ ጥሩ ከሰል የሚገኘው ከኮኮናት ጠንካራ ቅርፊት እንደሆነ ታወቀ። ቅርፊቱ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ አየር በሌለበት ከስሎ በእንፋሎት ሲታከም ዓይን የማያያቸው እልፍ ቀዳዳዎች ይፈጠሩበታል። የአንድ ግራሙ ውስጣዊ ገጽ ተዘርግቶ ቢለካ ከ1,000 ካሬ ሜትር በላይ ሊደርስ ይችላል፤ መርዙ በዚያ ሰፊ ገጽ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። በ1918 አሜሪካ ውስጥ የኮኮናት ቅርፊት ሲያጥር መንግሥት ሕዝቡን የኮክ ፍሬ ጠንካራ ዘርና የልዩ ልዩ ለውዞች ቅርፊት ሰብስቡልኝ እስከማለት ደርሷል።

ለእኛ ይህ ምዕራፍ የሚያም ነው። ከ1935 እስከ 1936 የጣልያን አውሮፕላኖች በኢትዮጵያ ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ሲያዘንቡ አብዛኛው አርበኛ እንኳን ጭምብል ጫማም አልነበረውም። የሰናፍጭ ጋዝ ቆዳንም ስለሚያቃጥል ጭምብል ብቻውን አይበቃም ነበር፤ ቢያንስ ሳንባንና ዓይንን የሚያተርፍ መሣሪያ ግን በዓለም ላይ ነበረ፤ ለእኛ ሕዝብ አልደረሰም እንጂ። ዛሬ ከኮኮናት ቅርፊት የሚሠራው ከሰል በመጠጥ ውኃ ማጣሪያዎችና በጋዝ ጭምብሎች ውስጥ አለ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት ደግሞ ተመራማሪዎችና ሐኪሞች ፊታቸውን ወደ ውኃው መለሱ። በ1941 በአሜሪካ ዮሃንስ ፋን ኦቨርቤክና ባልደረቦቹ፣ አስተናግር የምንለውን የዳቱራ ተክል ጨቅላ ሽል በብልቃጥ ለማሳደግ ሲቸገሩ የኮኮናት ፈሳሽ ጨመሩበት፤ ሽሉም አደገ። በፍሬው ውስጥ የሴል መባዛትን የሚያነሣሡ ሆርሞኖች እንዳሉ ኋላ ተረጋገጠ። በብልቃጥ ተክል የሚያባዙ ላቦራቶሪዎች ዛሬም በተለይ ለኦርኪድ አበባ የኮኮናት ውኃ ይጠቀማሉ።

በ1942 በሃቫና፣ ኩባ፣ ሐኪሞች የተጣራ የኮኮናት ውኃ ለ12 ሕፃናት በደም ሥር ሰጡ። ሕዝባችን ጉሉኮስ መስቀል የሚለው ሕክምና ነው፤ በጨውና በስኳር ውኃ ፋንታ የተሰቀለው ግን የኮኮናት ውኃ ነበር፤ የከፋ ጉዳት አልታየም። ይህን እንዲሞክሩ ያደፋፈራቸው የፍሬው ተፈጥሮ ነው። ያልተቀደደና ያልተሰነጠቀ ለጋ ኮኮናት ውስጡ ከተሕዋስያን ንጹሕ ነው፤ ፈሳሹም ስኳርና ማዕድን አለው። በጦርነቱ ጊዜ እንግሊዞች በሲሎን፣ ጃፓኖችም በሱማትራ የሆስፒታል ፈሳሽ ሲያልቅባቸው በዚሁ መጠቀማቸው ተዘግቧል። በ1954 ቤን አይዝማንና ባልደረቦቹ በታይላንድ፣ በሆንዱራስና በአሜሪካዋ ሴንት ሉዊስ የተደረጉ ሙከራዎችን አሰባስበው አሳተሙ፤ ውኃውን በደም ሥር ከወሰዱት 157 ሰዎች ጥቂቶቹ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ማሳከክ ገጥሟቸዋል። በ2000 የታተመ ዘገባ ደግሞ በሰለሞን ደሴቶች ፈሳሽ ባለቀበት ሆስፒታል አንድ ስትሮክ የመታው ሰው በኮኮናት ውኃ መደገፉን ይተርካል።

ታዲያ ሆስፒታሎች ለምን በኮኮናት አልተሞሉም? መልሱ በፈሳሹ ይዘት ውስጥ ነው። በደማችን ፈሳሽ ውስጥ ሶዲየም ብዙ፣ ፖታሲየም ጥቂት ነው፤ በኮኮናት ውኃ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ፖታሲየሙ በደም ካለው ዐሥር እጥፍ ገደማ ይሆናል። ፖታሲየም በደም ውስጥ ሲበዛ የልብን ምት ያውካል። ስለዚህ ውኃው በደም ሥር የሚሰጠው ሌላ ነገር ሁሉ ሲጠፋ ብቻ ነው፤ ያውም በሐኪም እጅ። ኩላሊቱ የደከመ ሰውም ቢጠጣው እንኳ አደጋ አለው፤ ሰውነቱ ትርፉን ፖታሲየም ማስወጣት አይችልምና።

በተቅማጥና በኮሌራ ላይ ትልቁ ድል የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በ1968 በዳካ የሠሩ ተመራማሪዎች ስኳርና ጨው በትክክለኛ መጠን ተቀላቅለው ሲጠጡ አንጀት ሁለቱንም አያይዞ እንደሚያስገባቸው፣ ውኃውም እንደሚከተል በኮሌራ ሕሙማን ላይ አሳዩ። በ1971 ዲሊፕ ማሃላናቢስ በባንግላዴሽ ጦርነት ስደተኞች በተጨናነቀው የባንጋዎን ካምፕ ይህን ቅልቅል በበርሜል አዘጋጅቶ ለሕሙማኑ አደለ። 30 በመቶ ገደማ የነበረው ሞት ወደ 3.6 በመቶ ወረደ። በጤና ጣቢያዎቻችን የምናውቀው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ ኦ.አር.ኤስ፣ የዚሁ ልጅ ነው። የኮኮናት ውኃ ሶዲየሙ አነስተኛ ስለሆነ በኮሌራ የተሟጠጠን ሕመምተኛ ብቻውን አያድንም። ይሁንና ኮኮናት በሚበቅልባቸው አገሮች፣ ተቅማጥ የጀመረው ልጅ ውኃ ከሰውነቱ ሳይጎድል ቤት ውስጥ ከሚሰጡት ፈሳሾች የዓለም ጤና ድርጅት ለጋ የኮኮናት ውኃን ይቆጥረዋል። የሱሽሩታ መጽሐፍ ያየው እውነት በዚህ መጠን ተረጋገጠ።

የዘይቱ ታሪክ በእነዚሁ ዓመታት ወደ ሁለት መንገድ ተከፈለ። ከ1950 ጀምሮ ኬሚስቶች ከኮኮናት ዘይት መካከለኛ ርዝመት ያለው ሰንሰለት ያላቸውን ስቦች ለይተው አወጡ፤ እነዚህ ስቦች በፍጥነት ስለሚዋሐዱ ስብ መፍጨት የማይችሉ ሕሙማንን ለመመገብ ረዱ። በ1971 ፒተር ሁተንሎከርና ባልደረቦቹ በመድኃኒት ያልተገታ የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ልጆች በዚህ ዘይት ላይ በተመሠረተ አመጋገብ ማከማቸውን አሳተሙ፤ ዘዴው ዛሬም በሐኪም ክትትል ይሠራበታል። ሆኖም የተለየው ዘይትና ሱቅ የሚሸጠው የኮኮናት ዘይት አንድ አይደሉም። የሱቁ ዘይት ግማሽ ያህሉ ሎሪክ አሲድ ነው፤ ለሕክምናው የሚመረጡት ስቦች ድርሻ ግን አነስተኛ ነው። ሁለቱን አንድ አድርገው የሚሸጡ ማስታወቂያዎች ሕዝብን ያሳስታሉ።

ስለ ልብ በሽታ ሲነሣ ደጋግሞ የሚጠቀሰው የኢያን ፕራየር ጥናት ነው። በ1981 የታተመው ይህ ሥራ በቶኬላው ደሴት የሚኖሩ ሰዎች 63 በመቶ፣ በፑካፑካ የሚኖሩት ደግሞ 34 በመቶ የሚሆነውን ኃይላቸውን ከኮኮናት እንደሚያገኙ፣ የልብና የደም ሥር በሽታም በሁለቱም ደሴቶች ብዙ እንዳልነበረ ዘገበ። የኮኮናት ዘይት ወዳጆች የሚጠቅሱት እስከዚህ ነው። ጥናቱ ግን የቶኬላው ሰዎች ኮሌስትሮል ከፍ ያለ እንደነበርም አሳይቷል። በዚያ ላይ ደሴተኞቹ ዓሣና ሥራ ሥር የሚበሉ፣ ስኳርና የፋብሪካ ምግብ ያልለመዱ ሰዎች ነበሩ። እንዲህ ያለው ኑሮ በጠርሙስ ተሞልቶ ወደ ከተማ አይመጣም።

ቆዳን በተመለከተ ግን ልማዱና ሳይንሱ ተገናኙ። በ2014 የታተመ የፊሊፒንስ ጥናት ችፌ የያዛቸውን 117 ልጆች በሁለት ከፍሎ፣ ለግማሾቹ ያልተጣራ የኮኮናት ዘይት፣ ለግማሾቹ የማዕድን ዘይት ለስምንት ሳምንት ቀባ። የሕመሙ መለኪያ በኮኮናት ዘይት ከተቀቡት 68 በመቶ፣ በሌላው ከተቀቡት 38 በመቶ ቀነሰ። በ2003 የታተመ ሌላ ጥናት ዘይቱ ወደ ጠጉር ውስጥ ዘልቆ በመታጠብና በማበጠር የሚጠፋውን ፕሮቲን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ማጄላን በደረሰበት አገር ሰዎች ገላቸውን ይቀቡ የነበረው በከንቱ አልነበረም።

በዚያችው ፊሊፒንስ በ1999 ጥቂት ኤች.አይ.ቪ በደማቸው ያለባቸው ሰዎች በኮኮናት ዘይት ተሞክረዋል፤ ሙከራው ሕክምና ለመሆን አልበቃም። ለሚሊዮኖች ዕድሜ የሰጠው ፀረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት ነው። በ2017 የአሜሪካ የልብ ማኅበር ሰዎች የኮኮናት ዘይትን እንዲተዉ መከረ፤ በ2020 ደግሞ 16 ሙከራዎችን ያሰባሰበ ጥናት፣ ዘይቱ ከሌሎች የአትክልት ዘይቶች ይልቅ ጎጂ የሚባለውን ኮሌስትሮል በአማካይ በ10 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ከፍ እንደሚያደርግ አሳየ።

ዛሬ በአዲስ አበባ ሱቆችም ሆነ በየስልካችን ኮኮናት ለስኳር በሽታ፣ ለካንሰርና ለመርሳት በሽታ መድኃኒት ነው ሲባል እንሰማለን። ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የተዘረጋው ታሪኩ የሚመሰክረው ሌላ ነው። ዘይቱ ለደረቀና ለቆሰለ ቆዳ፣ ውኃው ለተጠማና ለደከመ ሰው፣ ከሰሉ መርዝን ለማጣራት፣ ከውስጡ ተለይቶ የሚወጣው ስብ ደግሞ በሐኪም እጅ ለተወሰኑ ሕሙማን ይጠቅማል። የልብና የኩላሊት ሕመምተኛ ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ ዘይቱን በማንኪያ መዋጥ፣ ውኃውንም አብዝቶ መጠጣት የለበትም፤ የታዘዘለትን መድኃኒትም በኮኮናት መተካት የለበትም። የካባኮን ወጣቶች በሁሉን ቻይነቱ አምነው ሞቱ፤ የሃቫናና የባንጋዎን ሐኪሞች የሚሰጡትን ፈሳሽ ለክተው፣ ውጤቱን መዝግበው ሕሙማንን ረዱ። ለአገራችን ዕፀዋት መድኃኒቶችም፣ ለኮሶም ሆነ ለዳማ ከሴ፣ የሚገባቸው ክብር ይኸው ነው፦ የአባቶችን ምስክርነት ሳይንቁ መመርመር፣ የተረጋገጠውን መጠቀም፣ ያልተረጋገጠውን ደግሞ ለታመመ ሰው ተስፋ አድርጎ አለመሸጥ።